ብርሃነሽና ባለ አራት ሣጥኑ ሰንጠረዥ

ብርሃነሽ መሥሪያ ቤታችን የገባችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋን ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። ክልሉ ገና እየተደራጀ ስለነበር ቢሮዎች በየቪላው ተሸጉጠው ነበር፤ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተብዬ ፋይሎቼን የደረደርኩት በአንድ ሰፊ ማድ ቤት ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ጣውላ አጋድሜ ነው። ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል የሠራተኛ አስተዳደር ነበር። እሷ እዚያ ተቀጠረች። ሥራዋ የፈቃድ ቅጽ መሙላት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሠራተኛውን የፊርማ ወረቀት ማውጣትና ሰዓቱ ሲደርስ ማንሳት ነበር።

አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ወንድሞቿ ከሱቁ አልወጡም። እሷ ግን በልጅነቷ ለደንበኛ መልስ ስትሰጥ ስለምትሳሳት “አንቺ ሒሳብ አይገባሽም” እየተባለች አደገች፤ እሷም አመነች። የመንግሥት ሥራ የፈለገችው ለዚህ እንደሆነ አንድ ቀን ነግራኛለች፤ ወረቀት አይጮህብኝም ብላ።

ከፊት ለፊቷ ባለው ጠረጴዛ የምትቀመጠው ፀሐይ ነበረች። የፀሐይ አባት ከጎንደር በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሷም የአስተማሪ ልጅነቷ የሚያስታውቅ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ሰው ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን ቀድማ የምትጨርስለት ሴት ነበረች። ከባሏ ተለያይታ ከእናቷና ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ብርሃነሽ ደግሞ ባሏ የሞያሌ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ባል ኖሯትም ብቻዋን ነበረች። ሁለቱ ለአሥራ አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምሳቸው በአንድ ዕቃ ነበር፤ አንዷ ሰኞ ካመጣች ሌላዋ ማክሰኞ ታመጣለች። ምሳቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዱና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ፍርፋሪ ሲጠብቁ እያባረሯቸው ይበላሉ። የብርሃነሽ ሁለተኛ ልጅ በታይፎይድ ሲያዝ ሐኪም ቤት ስድስት ቀን ያደረችው ፀሐይ ናት፤ ባልየው ያኔ ሞያሌ ነበር።

በ1999 ጥር ላይ የፀሐይ እናት ስትሮክ መታቸውና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ጠዋት እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ የምታግዛት ልጅ እስክትመጣ ጠብቃ ነበር የምትወጣው። ቢሮ የምትደርሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የፊርማው ወረቀት ደግሞ በሁለት ተኩል ይነሳል። ብርሃነሽ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ፀሐይም ሳትለምናት፣ በሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ስክሪብቶዋን አንስታ በፀሐይ ስም ፊት ትፈርምላት ጀመር። ፊርማውን አሳምራ ተምራው ነበር፤ የፀሐይን “ፀ” እግሯን ወደ ግራ አስረዝማ እስከ መሳብ ድረስ። እኔ አይቻለሁ። ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ወደ እኔ ነውና። አስገብቼ በፋይሉ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሄደ፤ የተበደለ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ዲግሪ የሌለው ሠራተኛ አይቆይም የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ብርሃነሽ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ ማኔጅመንት ለመማር ተመዘገበች። ሒሳብ ያለበትን ትምህርት ሁሉ በመከራ ነበር የምታልፈው። በ2000 ጥቅምት ላይ ግን ኢኮኖሚክስ የሚያስተምራቸው ሄኖክ የሚባል ወጣት መምህር፣ ዛሬ ጌም ቲዎሪ፣ ሰዎች አንዱ የሌላውን ውሳኔ እየገመተ የሚጫወቱትን ጨዋታ የሚያሰላውን ትምህርት፣ እንጀምራለን ብሎ ሰሌዳው ላይ አራት ሣጥን ያለው ሰንጠረዥ ሠራ።

የነገራቸውን እሷ ቃል በቃል ነግራኛለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ወንጀል ተጠርጥረው ተያዙ። ፖሊስ ለየብቻ ክፍል አስገባቸው። ሁለቱም ዝም ካሉ ማስረጃ የለምና አንድ አንድ ዓመት ይታሰራሉ። አንዱ በጓደኛው ላይ ተናግሮ ሌላው ዝም ካለ፣ የተናገረው ነጻ ይወጣል፣ ዝም ያለው አሥር ዓመት ይፈረድበታል። ሁለቱም ከተናገሩ አምስት አምስት ዓመት። መምህሩ የመጀመሪያው ሰው ምን ቢያደርግ ይሻለዋል ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ዝም ይበል አለ። ብርሃነሽ በዚያ ኮሌጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። ሄኖክ ጠመኔውን ሰጣት። ሰሌዳው ጋ ሄዳ አንዱን ረድፍ በመዳፏ ሸፈነችው።

“ጓደኛው ዝም ካለ፣ መናገሩ ይሻለዋል” አለች። መዳፏን ወደ ሌላው ረድፍ አዛወረች። “ጓደኛው ከተናገረም፣ መናገሩ ይሻለዋል። ስለዚህ ጓደኛው ምንም ቢያደርግ ይናገራል። ጓደኛውም እንደዚሁ አስቦ ይናገራል።”

መምህሩ ክፍሉን አስጨበጨበላት። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ በሒሳብ ሲጨበጨብላት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ቦታዋ ሳትመለስ አንድ ነገር ጠየቀችው። ሁለቱ ሰዎች ቢዋደዱስ ብላ።

“ከተዋደዱማ ቁጥሩ ይለወጣል” አላት ሄኖክ። “ችግሩ አንዱ መውደዱን ለሌላው የሚያሳይበት መስኮት ክፍሎቹ የላቸውም።”

ሰኞ ዕለት ቢሮ ስትገባ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ለአንድ ወር ያህል ዓለሙ ሁሉ በሰንጠረዥ ነበር የሚታያት። ወንድሟና የጎረቤቱ ባለ ሱቅ ስኳር ለምን ተራ በተራ እንደሚያረክሱ፣ ጠባብ መንገድ ላይ የተፋጠጡ ሁለት ባጃጆች ለምን አንዳቸውም ወደ ኋላ እንደማይሉ፣ እኔ ጋ እየመጣች በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ሠርታ ታሳየኝ ነበር። እኔም ግማሹ ገብቶኝ ግማሹ ሳይገባኝ ደስታዋን ለማየት ያህል እሰማት ነበር። ለፀሐይ ያስተማረቻት ሐይቁ ዳር ነው፤ በፈቃድ ቅጽ ጀርባ ላይ። ፀሐይ እንደ ልማዷ ሳትጨርስላት ገባት። ወረቀቱን ትንሽ አየችውና፣ “ስለዚህ የሚጎዳው ያመነው ነው ማለት ነዋ” አለች። ብርሃነሽ እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የፈጀብኝን አንቺ በአንድ ምሳ ጨረስሽው ብላ ሳቀች። ለእኔም በኩራት ነበር የነገረችኝ።

ኅዳር ላይ ለውጡ መጣ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ይባል ነበር። አለቃችን አቶ ባህሩ የሥራ ሂደት ባለቤት የሚል ስም ተሰጠው፤ ክፍሎች ተጨፈለቁ፣ ወንበሮች ተቆጠሩ። የሠራተኛ አስተዳደር ሦስት ሰው ነበረው፤ ብርሃነሽ፣ ፀሐይ እና ሙክታር የሚባል ቃል የማይወጣው የስልጤ ልጅ። በአዲሱ መዋቅር ቦታው ሁለት ሆነ፤ አንዱ የቡድን መሪ ነው፣ አንዱ ተራ ባለሙያ። ቦታ ያጣ ሠራተኛ ተንሳፋፊ ይባላል ተባለ። ቃሉን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ስቀን ነበር።

ድልድሉ በነጥብ ነው። ከመቶው አርባው የሥራ ባልደረባ የሚሰጠው ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው አቶ ባህሩ ቢሮ ገብቶ ስለ ባልደረቦቹ በምስጢር ቅጽ ይሞላል። ነጥቡም፣ ከነጥቡ ሥር አስተያየት የሚጻፍበት ባዶ መስመርም አለ። ከመሙያው ቀን በፊት በነበረው ረቡዕ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ምሳ በሉ። ነገሩን ያነሳችው ፀሐይ ናት። እኔ ሙሉ እሰጥሻለሁ፣ አንቺም ሙሉ ስጪኝ፣ ሁለቱን ቦታ እኛ እንይዛለን፣ ሙክታር ወጣት ነው ሌላ ቦታ አያጣም አለቻት። ብርሃነሽ እሺ አለች። ሰንጠረዡን ግን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሌላዋ ማወቋንም ሁለቱም ያውቃሉ።

ሐሙስ ፀሐይ ቀድማ ገባች። ሙሉ ነጥብ ለመስጠት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ብርሃነሽ በሩ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ተቀምጣለች። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር አለፈ። ፀሐይ ሃያ ደቂቃ ቆይታ ወጣች፤ ስትወጣም ቦርሳዋ ውስጥ መሐረብ እየፈለገች ስለነበር ዐይኗ ወደ ብርሃነሽ አልመጣም።

ብርሃነሽ ገብታ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አቶ ባህሩ ስለ ባልደረቦቿ የምታውቀውን እውነት እንድትጽፍ ብቻ ነገራት። አላስገደዳትም፣ አላስፈራራትም። ይህን ደጋግማ ነው የነገረችኝ፤ ባስገደደኝ ደስ ይለኝ ነበር ትል ነበር። ቅጹን ትይዛለች፣ ሃያውን ደቂቃ ታስባለች። ፀሐይ ጽፋብኝ ከሆነ፣ እኔ ዝም ማለቴ ቀጥታ ያንሳፍፈኛል፤ እኔም ብጽፍባት ቢያንስ እኩል እንሆናለን። ፀሐይ ሙሉ ሰጥታኝ ከሆነ ደግሞ፣ ብጽፍባት የቡድን መሪነቱ የእኔ ነው። ባል መንገድ ላይ ነው፣ ሁለት ልጅ አለ፣ የኮሌጁ ክፍያ አለ። መዳፏን በአንዱ ረድፍ ላይ አደረገች፤ ከዚያም በሌላው ላይ። መልሱ አንድ ነበር። ነጥቡን ዝቅ አደረገችና ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “የሥራ ሰዓት አታከብርም፤ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የምትገባው።”

ፈርማ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላም ብዙ ሳይጨዋወቱም ቢሆን ምሳቸውን አብረው ይበሉ ነበር። ሁለት ሳምንት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሠራተኛው ሁሉ ለግምገማ ተሰበሰበ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አቶ ባህሩ ቅጾቹን በእጁ ይዞ፣ ለውጡ ግልጽነት ይጠይቃል፣ የምንደባበቀው ነገር የለም ብሎ ጀመረና በምስጢር የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። የብርሃነሽን አስተያየት አነበበ። ፀሐይ ቀና ብላ አላየችም። ቀጥሎ የፀሐይን አነበበ፦ “በቢሮ ሰዓት የኮሌጅ ትምህርቷን ታጠናለች። የፊርማ ወረቀቱ በእጇ ስለሆነ ላልገቡ ሠራተኞች ትፈርማለች።”

አቶ ባህሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዛቸው። ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም፤ እንቆቅልሽ እንደተፈታለት ሰው ነበር ፊቱ። አንዷ ጓደኛዋ በየቀኑ አርፍዳ ትገባለች ትላለች፣ አንዷ ጓደኛዋ ላልገባ ሰው ትፈርማለች ትላለች፣ ወረቀቱ ምን ይላል አለና ወደ ኋላ ዞሮ እኔን ፈለገ። “አለሙ፣ ከየካቲት ጀምሮ ያለውን የፊርማ ወረቀት አምጣ።”

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ወረቀቶቹ ሊጠፉ ይችሉ ነበር። ባለፈው ክረምት ከቪላው ወደ አዲሱ ሕንጻ ስንዛወር ስንት ነገር ጠፍቷል፤ አላገኘኋቸውም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን መዝገብ ቤቱም ሊጨፈለቅ ነበር፣ እኔም ቦታ እየጠበቅሁ ነበር። ሄጄ አመጣሁ። ዘጠኝ ወር፣ በየወሩ በክሊፕ የታሰረ። አቶ ባህሩ ወረቀቱን ገልጦ በፀሐይ ስም ፊት ያለውን ፊርማና በሠራተኛ ማኅደሯ ውስጥ ያለውን ፊርማ አመሳከረ። በፊርማው ወረቀት ላይ ያለችው የ“ፀ” እግር በማኅደሩ ካለችው ይልቅ ረዝማ ነበር።

ከሁለቱ አንዷ ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ወሬ ሆኖ በቀረ። ሁለቱም ዝም ብለው ቢሆን ደግሞ ከእነሱ ሌላ ነገሩ መኖሩን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱ ወረቀቶች ግን ተገጣጥመው ማስረጃ ሆኑ። ሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት ተሰጣቸው፣ ሁለቱም ተንሳፈፉ። የቡድን መሪነቱን ሙክታር አገኘ፤ ሌላው ቦታ ከሌላ ክፍል በመጣ ሰው ተሞላ። ሙክታር ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄው ስለ ሰው ምን እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ነው አለኝ። እኔም ተንሳፈፍኩ።

ለተንሳፋፊዎች የተሰጠን ቀድሞ ሥልጠና የሚካሄድበት አዳራሽ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ዘበኛው ፊት እንፈርማለን፣ እንቀመጣለን፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንወጣለን። ሥራ የለም። ደመወዝ እስከ ሰኔ ሠላሳ ይከፈላል፤ እስከዚያ የተመደበ ይመደባል፣ ያልተመደበ ይሰናበታል ተብለናል። አንዳንዱ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታል፣ አንዳንዷ ዳንቴል ትሠራለች፣ እኔ ያንኑ ጋዜጣ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ብርሃነሽ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ፀሐይ መድረኩ ሥር። በመሃላቸው ሠላሳ ወንበር ያህል ነበር። ሰባት ወር በዚያ ርቀት ተያዩ።

ብርሃነሽ ይህን ሁሉ የነገረችኝ በዚያ አዳራሽ ነው። ጋሽ አለሙ፣ እርስዎ ወረቀቱን ያመጡት ፈርተው ነው፣ እኔ ግን የጻፍኩት አስቤ ነው፣ ይለያያል አለችኝ። ለእኔ አልተለያየብኝም፤ ግን አልተከራከርኳትም። ፀሐይንም አንድ ቀን አናገርኳት። ያ ሃያ ደቂቃ ምን ስታደርጊ ነበር አልኳት። አቶ ባህሩ ስልክ ተደውሎለት ሩብ ሰዓት ያህል ሲያወራ ነበር አለችኝ። ስትገባ ሙሉ ልትሰጣት ነበር። ስልኩ ሲረዝም ባዶውን ወረቀት ይዛ ተቀመጠች፣ ባዶው ወረቀት ላይ አራቱ ሣጥኖች መጡባት።

“ቶሎ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ሰጥቻት እወጣ ነበር” አለችኝ። “ግን ጋሽ አለሙ፣ እሷ በአምስት ደቂቃዋም ጽፋብኛለች።”

እውነት ነበር፤ ብርሃነሽ ቶሎ ነበር የወጣችው። ይህን ለብርሃነሽ ልንገራት አልንገራት ብዬ ሳመነታ ከረምኩ፤ በመጨረሻ ነገርኳት። የስልክ ደወል መስማቷን አስታወሰች። ሰምታ ነበር። በሩ ላይ ተቀምጣ ደወሉን ሰምታለች፣ አቶ ባህሩ ሲያወራም ሰምታለች፤ ደቂቃውን ስትቆጥር ግን ከቁጥሩ አላወጣችውም።

ትምህርቱን አላቋረጠችም። አዳራሹ ውስጥ ደብተሯን ገልጣ ታጠና ነበር፤ አሁን የሚከሳት አልነበረም። መምህሩ በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚደጋገም ጨዋታ አስተማራቸው። ሁለቱ ሰዎች ነገም ከነገ ወዲያም የሚገናኙ ከሆነ፣ ዛሬ የበደለ ነገ እንደሚበደል ስለሚያውቅ፣ ቀስ በቀስ መተማመን ይለምዳሉ አላቸው። ብርሃነሽ ከክፍል በኋላ ጠብቃው፣ የሚያበቃበት ቀን ከታወቀስ አለችው። ከታወቀማ በመጨረሻው ቀን ማንም ስለ ነገ አይጨነቅም፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀንም እንደዚያው፣ እንዲህ እያለ እስከ ዛሬ ይደርሳል አላት። እሷ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ሰኔ ሠላሳን አሰበች። እኔን ግን ልሂድና ይቅርታ ልጠይቃት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሂጂ አልኳት። ሠላሳውን ወንበር ግማሽ ድረስ ሄዳ፣ ዳማ የሚጫወቱት ዘንድ ቆማ ጨዋታውን እያየች ቆየችና ተመለሰች። ይቅርታ ብጠይቃት ለቦታ ብለሽ ነው ትለኛለች አለችኝ። እንዲያ ያለ ወሬ ስለነበር ነው፤ ተንሳፋፊዎች እርስ በርሳቸው ይገመገማሉ፣ የታረቀ ይመደባል የሚል።

ጥር ላይ ፈተና ነበረባት። የመጨረሻው ጥያቄ፣ የሁለቱን እስረኞች ጨዋታ ራሳችሁ ከገጠማችሁ ሁኔታ በምሳሌ አስረዱ የሚል ነበር። ብርሃነሽ ጠባብ መንገድ ላይ የተፋጠጡትን ሁለት ባጃጆች ጻፈች። ምሳሌው ትክክል እንዳልሆነ፣ የባጃጆቹ ነገር ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ እሷ ራሷ ታውቃለች፤ መምህሩ ግን የቀረውን አይቶ ኤ ሰጣት። ያንን ወረቀት እኔ አይቼዋለሁ። በቀይ “በጣም ጥሩ” ይላል።

መጋቢት ላይ የፀሐይ እናት አረፉ። ከአዳራሹ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ተያይዘን ሄድን። ብርሃነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኔ ኋላ ገባች። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አሮጊቷን እንደ እናቷ ታውቃቸው ነበር፣ ዓመት በዓል ሲሆን ፀጉራቸውን የምትሠራላቸው እሷ ነበረች፣ ሆኖም ጮክ ብላ ለማልቀስ አፍራ በነጠላዋ ሸፍና ነው ያለቀሰችው። ስንነሳ ሁሉም ሰው እግዜር ያጽናሽ እያለ ፀሐይን ሳመ። ብርሃነሽም ተራዋ ደረሰና ሳመቻት፣ ያጽናሽ አለቻት። ፀሐይ እጇን ሳትለቅቅ ዐይን ዐይኗን አየቻት። ንግግሯ ዝግ ያለ ነበር፤ ከእኔ በስተቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

“ከእንግዲህ በሰዓቱ እገባለሁ” አለቻት።

ብርሃነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኔ ሲያልቅ ምደባ ወጣ። ፀሐይ ስሟ ሳይወጣ ቀረ፤ እኔን ጨምሮ አንዳንዶቻችን ጡረታ ወጣን፣ አንዳንዶች ተሰናበቱ፣ ጥቂቶች ተመደቡ። ብርሃነሽ ከነበረችበት ደረጃ ሁለት ዝቅ ብላ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በቱላ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ደረሳት፤ የእኔን ሥራ ማለት ነው። ፀሐይ ብዙ ወር ቤት ተቀመጠች፤ በኋላ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ገባች። ጥሩ እንግሊዝኛ ነበራት። ብርሃነሽ ከሆቴሉ አጥር ፊት ለፊት የሚያልፈውን ታክሲ ትታ ዙሪያውን በሚሄደው እንደምትሳፈር ነግራኛለች።

በ2003 ተመረቀች። የምረቃው ፎቶ ላይ ባሏና ልጆቿ አሉ፤ እኔም ዳር ላይ አለሁ። ዲግሪው ቱላ ውስጥ አንድ ደረጃ ከፍ አደረጋትና እዚያው አስቀራት። ከዚያ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲመጣ እሷ የአምስት ሰው መሪ ተደረገች። በየሳምንቱ አምስቱን ሰዎች መገምገም፣ ድክመታቸውን መጻፍ ነበረባት። ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠች። በሁለተኛው ሳምንትም ሰጠች። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ። ከበላይ ያሉት ጠርተው፣ ሰው ሁሉ እንከን የለበትም ማለት ትግል አለመፈለግ ነው አሏትና ለራሷ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጧት፤ መሪነቱም ለሌላ ሄደ። የሚገርመው፣ ያ ነጥብ ሲሰጣት እዚያ የተቀመጡት እነዚያው አምስቱ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አልተቃወሙም። ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው የከበደኝ።

አንድ ጊዜ ያ ትምህርት ባይመጣብሽ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠይቄአታለሁ።

“ትምህርቱማ ልክ ነበር” አለችኝ። “መምህሩ ቁጥሩን ሲሰጠን የማይተዋወቁ ሰዎች ቁጥር ነው የሰጠን። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛዬን በዚያ ቁጥር አሰላኋት።” ከዚያም፣ “እሷም እኔን” አለች።

በ2008 ጥር የፀሐይ ልጅ አገባች። ካርዱ ለቀድሞ ባልደረቦች ተዳረሰ፤ ለእኔም መጣ፣ ለሙክታርም። ለብርሃነሽ አልመጣም። ሠርጉ ባለቀ በሳምንቱ መናኸሪያው አጠገብ የቱላ ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል። ሠርጉን ሰምታ ነበር፤ ከተማው ትልቅ ሆነ ቢባልም እንዲህ ያለው ነገር አይደበቅም። የልጅቷ ቀሚስ ምን ዓይነት ነበር አለችኝ፤ ነገርኳት። ምግቡ በቃ ወይ አለችኝ፤ በቃ አልኳት። የልጅቷ አባት መጣ ወይ፣ መጣ። ፀሐይ ከስታለች ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ትንሽ ከስታለች አልኳት።

ታክሲው መጣ፤ ሰዉ ተጋፋ። እሷ አልተጋፋችም፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ገብታ በመስኮቱ በኩል “ስለ እኔስ…” ብላ ልትጠይቀኝ ስትጀምር ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ታክሲውም ሄደ።